ተርብ ለሚንቅ ንብ አናቢ ወዳጄ

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታውን ማን ጀመረው የሚለውን ለሽማግሌ እንተወው፤ ሽማግሌ ቢቀመጥ ሁለታችንም ካሳ ከፋይ መሆናችን አይቀርም። ይልቅስ ስንለያይ «ሰው አገሩን ጥሎ ሄዶ ተርብ ያጠናል?» ብለህ የሳቅህብኝን ዛሬ ልመልስልህ።

አዎን፣ ያጠናል። ያለሁት ፍሎረንስ ነው። ይህች ከተማ ለሌላው ሰው የሥዕልና የካቴድራል ከተማ ናት፤ ለእኛ ቢጤው ግን የተርብ ከተማ ናት። የምናጠናት ወረቀት ሠሪዋን ተርብ ነው። ከደረቀ እንጨት ላይ በመንጋጋዋ ፍቃ የወሰደችውን ጭረት በምራቋ ለውሳ፣ ከጣሪያ ሥር በአንዲት ቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለ ግራጫ ቤት ትሠራለች። ጉንዳን እንዳይወጣባትም ያችን ዘንግ ከሆዷ በሚወጣ ቅባት ትቀባለች። የእኔ ሥራ ደግሞ ጀርባቸው ላይ የቀለም ነጥብ እያደረግሁ ማን ከማን ጋር እንደ ዋለች መመዝገብ ነው። ነጥቡ ከሌለ ሁሉም ተርብ ናቸው፤ ነጥቡ ካለ ግን እያንዳንዷ የራሷ ጠባይ ያላት ሆና ትወጣለች።

ነገሩን የጀመረው ሊዮ ፓርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አብረው ቤት የሚመሠርቱትን እናት ተርቦች ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ስትወጣ፣ ሌላዋም አንገቷን ደፍታ ስትቀበል አየ። የበላይዋ የበታቾቿን እንቁላል ትበላለች፤ የእሷ እንቁል ዕጢ ሲያድግ የእነርሱ ይኮሰምናል። በዶሮዎች ዘንድ ማን ማንን እንደሚነቁር የሚወስነው ተራ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ በነፍሳት ዘንድ እንዲህ ያለ ማዕረግ መኖሩን ያሳየው ግን እሱ ነው። ታዲያ የፓርዲን ጽሑፎች ስታነብ የምታገኛት ፖሊስቴስ ጋሊከስ የምትባል ተርብ ናት፤ እኛ ዛሬ ያችኑ ፖሊስቴስ ዶሚኑላ እንላታለን። ጋሊከስ የሚለው ስም የሌላ ዝርያ ሆኗል። ስለዚህ የድሮ ወረቀት የያዘ ሰው መጀመሪያ «የትኛዋን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዝርያን ለይቶ መሰየም፣ ምደባ የምንለው፣ የሙዚየም ሰዎች ጭቅጭቅ ይመስለኝ ከነበረበት ጊዜ ያወጣኝ ይህ ነው።

ሱልሲፈር የምትባለዋን ደግሞ ስማ። ይህች ተርብ ቤት አትሠራም፤ ሠራተኛም አትወልድም። ፀደዩ ሲገባደድ የዶሚኑላን ቤት ሰብራ ትገባለች፤ እናቲቱን ወይ ትገድላለች ወይ ታስገብራለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤቱን ሽታ ለብሳ ሠራተኞቹን ልጆቿን ታሳድግባቸዋለች። እሷንና ሁለት ወራሪ ቢጤዎቿን የቀድሞ አጥኚዎች መንጋጋቸው ወፍራም፣ ፊታቸው አራት ማዕዘን መሆኑን አይተው ለብቻቸው ወገን አድርገዋቸው ነበር። ዘረመላቸው ሲመረመር ግን የሚዘርፏቸው ተርቦች የቅርብ ዘመዶች ሆነው ተገኙ፤ ወደ ፖሊስቴስ ወገንም ተመለሱ። የዘመድ ነገር መቼም!

ዘመድ ያልሆኑትስ? በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ የዚህ አገር ጥናት፣ በዶሚኑላ ቤት ከሚያገለግሉት ረዳት እናቶች 35 ከመቶው ከንግሥቲቱ ጋር ዝምድና የላቸውም። ለማያውቋት ልጅ አባ ጨጓሬ አኝከው ያጎርሳሉ። ደግነት እንዳይመስልህ፤ ንግሥቲቱ ስትሞት ቤቱን ለመውረስ ተስፋ ያደርጋሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ዜኖስ ነው። ፒየትሮ ሮሲ በ1793 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ጥገኛ ነፍሳት ነው። በተርቧ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ክንፍ ያለው ወንዱ ወጥቶ ሲበር፣ ሴቷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ እዚያው ተሸጉጣ ከተርቧ ሆድ ቀለበቶች መካከል ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ ታደርጋለች። የተያዘችው ተርብ ሥራ ትታለች፤ በበጋ ከቤቷ ወጥታ እንደ እሷ ከታመሙት ጋር ቅጠል ላይ ትሰበሰባለች። እዚያ የሚጋቡት ተርቦቹ ሳይሆኑ ጥገኞቹ ናቸው። ይህ ፍጡር ከዝንብ ወገን ነው ወይስ ከጥንዚዛ የሚለው ሙግት ለረጅም ጊዜ አልበረደም ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የአንድ ዘመዱ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ለጥንዚዛ አደላ። የዜኖስን ሴት ከተርቧ ሆድ ላይ በመርፌ ጫፍ ሳወጣ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የጥንዚዛ የቅርብ ዘመድ ነው ቢሉኝም ዓይኔ እሺ አይልም።

ቀፎህን እያሳየህ «ንብ ባለሙያ፣ ተርብ ሽፍታ» ስትል ትዝ ይለኛል። ንብህ ከተርቦች ሐረግ የወጣች ናት ወዳጄ፤ ቅድመ አያቶቿ ሥጋ የሚያድኑ ተርቦች ነበሩ። ሥጋውን ትታ ወደ አበባ ዱቄት የዞረች ጾመኛ ተርብ በላት።

እንግዲህ ውለታ ልጠይቅህ። በአፍሪካ፣ በእኛም አገር፣ ቤሎኖጋስተር የሚባሉ ወረቀት ሠሪዎች አሉ፤ ወገባቸው ቀጥኖ የረዘመ፣ ቤታቸውም ሽፋን የሌለው ነው። ከጓሮህ ዳስ ወይም ከቆርቆሮው ሥር ካገኘህ ሳታፈርስ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። አንዱን ከጎን፣ ወገቡ እንዲታይ፤ ሌላውን ከፊት፣ ፊቷ እንዲለይ። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅቃት ብትሄድ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ለመብረር ትሰንፋለች። የምታነሣበትን ቦታና ቀን አትርሳ፤ ያለ እነርሱ ፎቶው ለምደባ አይረባኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። የማሩን ነገር ደግሞ ሰው ሲመጣ አስብበት።

ያንተው ወንድምህ