ለተቸገረ ሰው እድርን ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ደሴ ላይ ሁላችንም የፈራነው በሽታውን ነበር። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ ልብስ አጣቢ ጎረቤቴ ግን የባሰ ነገር መጣባት። የምታጥብላቸው ቤቶች በሙሉ «ለጊዜው አትምጪ» አሏት።

መጀመሪያ ቁርስ ቀረ። ቀጥሎ ጤፉ ቀርቶ ማሽላ በበቆሎ አስፈጭታ ትጋግር ጀመር። ሽሮው ቀጠነ፣ ዘይት ጠፋ። የሱቁ ዱቤ ሲበዛባት ትልቁን ብረት ድስት ሸጠች። እንብላ ስንላት «ጾም ነኝ» ትላለች። ፋሲካ ካለፈም በኋላ እንዲሁ አለችኝ፤ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እሷም እኔም እናውቃለን። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

በማዕድ ማጋራቱ ዱቄትና ዘይት የሰጡትን እግዜር ይስጥልን። እሷ ግን መታወቂያዋ የገጠር ስለነበር ከዝርዝሩ ቀረች። የደረሰላት እድራችን ነው፤ ለቀብር ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ተነስቶ እህል ተገዛላት።

ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት (የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ) መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ ተቸጋሪን መመዝገብ እዚህ አዲስ ሥራ አይደለም። እባካችሁ፣ ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ፣ የተከራይና የቀን ሠራተኛ ስም ከየእድሩ ተጠይቆ ይጻፍ። የማን ምጣድ ስንት ቀን ሳይጣድ እንደዋለ የእድር እናቶች ያውቃሉ።

አንድ የእድር አባል፣ ከደሴ