ጀልባዎቻችን ሳይታጠቡ ሐይቅ የማይቀይሩበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። ከቆቃ የተመለሰው ጀልባ በነጋታው ላንጋኖ ይድረስልን ብላችሁ አይሆንም አልናችሁ። ለተጉላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጀልባው ታጥቦ ቢያንስ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ሳይውል ሌላ ሐይቅ አይገባም የሚለው ውሳኔ ግን አይቀየርም፤ ምክንያቱንም ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል።

«ገንዘብ ፈልገው ነው» መባላችን አሳዝኖናል። አምስት ቀን የቆመ ጀልባ ምን ያስገባል? ነዳጁም መለዋወጫውም በየጊዜው እየጨመረ፣ ጀልባ ማቆም ለእኛ ኪሳራ ነው። የማጠቢያውንም ወጪ የምንሸፍነው ከኪሳችን ነው።

የፈራነው እምቦጭን፣ ያንን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ጣና ላይ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ሁላችሁም አይታችኋል። ማሽንም ገብቷል። አሁንም አላለቀም።

ከውሃ የወጣ ጀልባ እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ፕሮፔለሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ሥር ተጠምጥሟል። የመልህቁ ገመድ ጭቃ ይዟል። ወለሉ ላይ ውሃ ቀርቷል። አንዲት ቁራጭ ከነሕይወቷ ሌላ ሐይቅ ከገባች በቂ ናት።

ስለዚህ ጀልባው እንደወጣ የተጣበቀበትን አረም እዚያው ዳር ላይ እንለቅማለን። ቡሹን ነቅለን ውሃውን እናፈሳለን። ከሐይቁ ራቅ አድርገን በኃይለኛ ውሃ እናጥበዋለን፤ ከዚያ ቢያንስ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። ፀሐይ ግንዱን ያደርቀዋል፤ ፍሬው ግን ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጭቃው በደንብ ይታጠብ ብለን ድርቅ የምንለው ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ አባቴ በአንድ የእንጨት ጀልባ ነው የጀመረው። ያደግሁት በዓሣ አስጋሪዎች መካከል ነው። መረባቸው በእምቦጭ ተይዞ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ። ያንን ተሸክሞ ሌላ ሐይቅ የሚያደርሰው የእኛ ጀልባ እንዲሆን አልፈልግም። የቆያችሁ ደንበኞቻችን ታውቁናላችሁ። ማዕበል ሲነሳ «ዛሬ አንወጣም» ስንላችሁ ታምኑን ነበር። አሁንም እንደዚያው እመኑን።

ሁለት ሐይቅ የምትሄዱ ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ ለሁለተኛው ሌላ ጀልባ እናዘጋጃለን። የራሳችሁን ጀልባ የምታመጡ በማጠቢያችን በነፃ ተጠቀሙ፤ መረብና ቦቲ ጫማም ማጠብ አይረሳ። ቀብድ ከፍላችሁ የሰረዛችሁ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ብትጠብቁን ግን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ኪራዩ ባለቤት