«ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?»

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜ በጣም ይቆጨኛል። የመጨረሻ ደብዳቤሽን ግን አልረሳሁትም። «ልጄ ከፊደል ጋር ተጣልቷል፤ ማንበብ የሚያስተምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባመጣለት ይረዳው ይሆን?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ የምመልስልሽ አልነበረኝም። እንዲያው «አይዞሽ» ብዬ ብቻ ልጽፍልሽም አልፈለግኩም። አሁን ግን የምልሽ አለኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማንበብ የከበዳቸውን ልጆች እንዳስተምር ተመደብኩ። ስድስት ልጆች፣ ሦስት ኮምፒዩተር፣ ሦስት ማዳመጫ። ፕሮግራሙ ድምፅ ያሰማል፤ ልጁ ስክሪኑ ላይ ካሉት ፊደሎች ትክክለኛውን ይነካል። ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል። ልጁ ቢሳሳት አይቆጣም። መቶ ጊዜ ቢደገም አይሰለቸውም። እኔ አምስተኛው ላይ ፊቴ ይለወጣል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ፊት ቶሎ ነው የሚያነቡት።

ከመካከላቸው አንዱ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ «ተነሥና አንብብ» ሲባል ሽንት ቤት ልሂድ የሚል ልጅ። ማዳመጫውን ሲያጠልቅ ትከሻው ዘና ሲል አየሁት። ማንም አይሰማው፣ ማንም አይስቅበት። በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑ ኮከብ በኮከብ ሆነ። ከ10 ጥያቄ 9ኙን ያገኛል። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ!

አንድ ቀን እነዚያኑ ቃላት ወረቀት ላይ ጻፍኩና ሰጠሁት። ስክሪኑ ላይ አንድም ጊዜ ያልሳተውን «መሰላል» የሚለውን ቃል «መስታወት» ብሎ አነበበልኝ። ክው አልኩ። በማግስቱ ከጎኑ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። የመሰላል ሥዕል ይመጣል። ከሥሩ ሦስት ቃላት አሉ፤ በ«መ» የሚጀምረው አንዱ ብቻ ነው። ልጁ ሥዕሉን ያያል፣ «መ»ን ይፈልጋል፣ ይነካል። የቀረውን አያነበውም። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሳያነብ የሚያልፍበትን መንገድ በራሱ አገኘ። ፕሮግራሙ ትክክል መንካቱን መዘገበ እንጂ እንዴት እንደደረሰበት አላየም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች ምን እንዳገኙ ማንበብ የጀመርኩት። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴሩ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። የንባብ ሶፍትዌር የተጠቀሙ የ1ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በፈተና ውጤት ካልተጠቀሙት ብዙም አልተለዩም። ሌላው ግራፎጌም የሚባለው ነው። ፊንላንድ ውስጥ፣ ዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ድምፅን ከፊደል የሚያዛምድ ጨዋታ ነው። በየአገሩ የተሠሩበትን ጥናቶች አንድ ላይ የገመገሙ ተመራማሪዎች ቃል በማንበብ ረገድ በጥቅሉ ያን ያህል ለውጥ አላገኙም። ለውጥ ያዩት አዋቂ ሰው አብሮ ተቀምጦ ልጆቹን በሚያግዝበት ቦታ ነው። ይህን ሳነብ የመሰላሉ ሥዕል ፊቴ ድቅን አለ።

እና አሠራሬን ቀየርኩ። ሥዕሎቹን አጠፋሁ። ምርጫዎቹን «መሰላል»፣ «መስታወት»፣ «መስመር» አደረግኋቸው፤ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ማምለጥ የለም። ችግሩ የት ላይ እንዳለ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ግእዙን ያውቃል፤ ካዕብና ሣልሱን ግን አይለይም። «ሉ» ላይ ያለችው ቅጥያ ወገቡ ላይ ናት፣ «ሊ» ላይ ያለችው እግሩ ሥር። ለሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊደሉን ስክሪኑን እስኪሞላ አሳደግሁለትና ቅጥያዋን በጣቱ እየነካ ድምፁን እንዲሰማ አደረግሁ። ሉ፣ ሊ። ሙ፣ ሚ። ቡ፣ ቢ። ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልሠራንም።

ከሁሉም የወደድኩለት ግን ድምፅ መቅጃውን ነው። አጭር ጽሑፍ ያነባል፣ ይቀዳል፣ የራሱን ድምፅ ይሰማል፣ ደግሞ ያነባል። መጀመሪያ ቀን ስድስት መስመር ለማንበብ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ዓርብ ዕለት ያንኑ ጽሑፍ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ አሰማሁት። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ያዘና «ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ መልሶ ሰማው። እኔ እንኳ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ከሁሉ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። ፕሮግራም ካመጣሽለት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግን ከጎኑ ሁኚ። ሲጨርስ ሁለት ሦስቱን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስነብቢው። ኮከቡን አትመኚ፣ ወረቀቱን እመኚ። ዲስሌክሲያ የሚባለውን፣ ማንበብን የሚያከብደውን ችግር «በጥቂት ሳምንት እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ እለፊው።

አንድ ነገር ደግሞ። ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብና የሚነበበውን ቃል በቀለም የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። አንዳንድ መምህር «ይሄ ማጭበርበር ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ልጁ ማንበብ እስኪለምድ ሳይንሱም ታሪኩም ሊቀርበት አይገባም። የሚሰማው ቃል ሁሉ በኋላ ሲያነበው ትርጉሙ አይከብደውም። ብቻ የንባብ ልምምዱን አይተካበት።

እባክሽ ዛሬ ማታ አምስት መስመር አስነብቢውና በስልክሽ ቅጂው። አታርሚው፣ ዝም ብለሽ ቅጂ። ከዚያ ላኪልኝና የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ አብረን እንስማው። የአሁኑን ግን በዚያው ሳምንት እመልስልሻለሁ።

ናፍቀሽኛል።

ያንቺው ጓደኛ