ለቅዳሜው ንባብ፦ ብዙ የተጠቀሰው ጽሑፍ

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ከዚራ እንገናኛለን። የምናነበው ኬሚስቶቹ ሊ፣ ያንግ እና ፓር በ1988 ያሳተሙትን ጽሑፍ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ2014 ኔቸር መጽሔት በታሪክ በብዛት የተጠቀሱ 100 ጽሑፎችን ሲዘረዝር ይሄኛው 7ኛ ወጥቷል። ለምን? የኤሌክትሮኖችን ኮሪሌሽን ኢነርጂ (እርስ በርስ እየተሸሻሹ በመንቀሳቀሳቸው የሚመጣውን የኃይል ለውጥ) ከኤሌክትሮን ጥግግት ተነስቶ የሚያሰላ ቀመር ስለሆነ ነው። በኋላ ከኬሚስቱ ቤኪ ሥራ ጋር ተጣምሮ ቢ3ኤልዋይፒ የሚባለው የሞለኪውል ማስሊያ ዘዴ ውስጥ ገባ። በዚህ ዘዴ ሞለኪውል ያሰላ ሁሉ ይጠቅሰዋል። አንብቦት ይሁን ሳያነበው፣ እሱ ይወቅ!

የሚገርመው ሌላ ነው። ፊዚሲስቱ ዋልተር ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ለዚህ ሁሉ መሠረት በጣሉ የ1964 እና የ1965 ሥራዎቹ ነው። እነሱ ግን በዚያው ዝርዝር ከ7ኛው በታች ናቸው። ስለዚህ ሳይቴሽን (ጽሑፉ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበት ብዛት) አገልግሎትን ይቆጥራል እንጂ ክብደትን አይመዝንም ባይ ነኝ። ተቃውሞ ያለው ቅዳሜ ይሞግተኝ።

የዕድገት ፋይል የምታዘጋጁ መምህራን ስለ ኤች-ኢንዴክስ ጠይቃችሁኛል። ፊዚሲስቱ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው የአንድ ተመራማሪ ሥራ መለኪያ ነው። 20 ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። ለፓር ይህ ግዙፍ ጽሑፍ የሚቆጠርለት እንደ 1 ብቻ ነው። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ኮፒ ያልደረሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቀመሮቹ ከከበዷችሁ መግቢያውን ብቻ አንብባችሁ ኑ።