ለነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ለደላላ አትክፈሉ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮፒና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ክፍለ ሀገር ተመርቀው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገቡ ልጆች ናቸው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ማስረጃ) ስካን ያስደርጋሉ፣ ፎርም ይሞላሉ፣ ሲቪ ያሳምራሉ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ማስተርሳቸውን የሚያስተምራቸው ስኮላርሺፕ ነው። በነጻ ለሚሞላ ፎርም ገንዘብ ሲከፍሉ ማየት ስላንገበገበኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ደላሎቹ ቢሮ ተከራይተው የየአገሩን ባንዲራ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ይላሉ። ልጁ ከእህቱ ይበደራል፣ እናቱ የዕቁብ ብሯን ትሰጠዋለች፣ ወስዶ ያስረክባቸዋል። የሃንጋሪ መንግሥት የሚሰጠው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ግን ለማመልከት አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም እንደዚያው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግም፣ የአሜሪካው ፉልብራይትም ማመልከቻቸው ነጻ ነው። ሁሉም ድረ ገጽ አላቸው፣ ፎርሙ እዚያው ይሞላል።

በቅርቡ አንዲት የሕዝብ ጤና ምሩቅ መጣች። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ መልስ መጥቶልኛል፣ ፕሪንት አድርግልኝ አለችኝ። ኢሜይልሽን ክፈቺ አልኳት። ኢሜይሉ የእሷ አይደለም። አካውንቱን የከፈተው ደላላው ነው፤ ፓስወርዱም ያለው እሱ ጋ ነው። «ቀሪውን ሳትከፍዪ ደብዳቤውን አታገኚም» ብሏታል። በገዛ ዲግሪዋ፣ በገዛ ፓስፖርቷ የተላከ ማመልከቻ! ቁጭ ብለን ለዩኒቨርሲቲው በራሷ ኢሜይል ጻፍን፤ ማንነቷን የሚያሳይ ሰነድም አያያዝን። መልሱን እየጠበቀች ነው።

ሞቲቬሽን ሌተር የሚሉትም፣ አመልካቹ ለምን መማር እንደፈለገ የሚገልጽበት ደብዳቤ አለ። ደላላ የጻፈላቸው ልጆች ይዘውት ሲመጡ ከስማቸውና ከትምህርት ክፍሉ በቀር ፊደል በፊደል አንድ ነው። የአካውንቲንጉም ልጅ፣ የዕፅዋት ሳይንሱም ልጅ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ» ብለው ይጀምራሉ። ያን የዕፅዋት ሳይንስ ልጅ ምን ሠርተህ ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው የአባቱን ቡና የሚያጠቃውን በሽታ በደንብ አድርጎ ነገረኝ። ይህን ጻፈው አልኩት። እንግሊዝኛው ትንሽ ቢንሻፈፍም የራሱ ነው።

ደላላ የማይነግራቸው ብዙ ነው። ቼቭኒንግ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ በሰዓት ሲቆጠር 2,800 ሰዓት መሆኑ ነው። ዘንድሮ የተመረቀን ልጅ «አመልክት» ብሎ ብር መቀበል ዘረፋ ነው። ሃንጋሪ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ወርሃዊ የኪስ ገንዘብና የመኖሪያ ድጋፍም ይሰጣል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን አይከፍልም። ለደላላ የሚሄደው ብር ለትኬቱ ቢቀመጥስ? የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ለደረሰው በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ ትኬቱም ቤት ኪራዩም የሚወጣው ከዚያው ነው። አሜሪካ ደግሞ ገንዘቡ በብዛት ያለው ለፒኤችዲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በረዳት መምህርነት ወይም በጥናት ረዳትነት እያሠራ ያስተምራል። ማስተርስ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል በጣም ያንሳል።

እውነተኛ ወጪ የለም አልልም። አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚጠይቁት ጂአርኢ የሚባለው ፈተና 220 ዶላር ነው፤ ዶላሩ የሚከፈልበት ካርድ ያለው ዘመድ መፈለግ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ግን ጂአርኢን የተዉ የትምህርት ክፍሎች ብዙ ናቸው። ለማመልከቻ የሚያስከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎችንም ክፍያውን አንሱልኝ ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፤ የሚያነሱ አሉ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንደተማሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ካመጡ የቋንቋ ፈተና የማይጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የደላላ ብቻ አይደለም። ያቺን አንድ ገጽ ደብዳቤ ለማውጣት ልጁ አውቶቡስ ተሳፍሮ የተማረበት ከተማ ይመለሳል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና ይባላል። አልጋ ይከራያል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲሆን ደግሞ የኮስት ሼሪንጉ (ተመራቂው ለመንግሥት የሚመልሰው የትምህርት ወጪ) ጉዳይ ይነሳል። በዚህ መሃል ዴድላይኑ ያልፋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደብዳቤውን በምረቃው ሰሞን ከቴምፖው ጋር አብረው ቢሰጡ ምን ይከብዳቸዋል? ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለውጭው ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ቢልኩስ? ተመራቂዎችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰብስበው የትኛው ነጻ እንደሆነ፣ በራስ ኢሜይል ማመልከት ለምን እንደሚያስፈልግ ቢነግሩ የስንቱ ቤተሰብ ብር ይተርፍ ነበር።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የሥራ ማስታወቂያ በምታወጡበት ገጽ ጥግ ላይ የስኮላርሺፕ ቀኖችን አውጡልን። ኢራስመስ በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ሃንጋሪ ጥር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፣ ቱርክ ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ከድረ ገጹ ማረጋገጥ ይፈልጋል። የዝግጅት ክፍሉ ሰው ካጠረው እኔ በየሳምንቱ እየተከታተልኩ በነጻ አዘጋጅቼ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኮፒና የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ ከስድስት ኪሎ