ስምንቱን በአንዱ አንለካ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው ተመልካቾች ስለ «ያኦ፦ የቻይና ተረቶች» የሚሰጡትን አስተያየት በተመለከተ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መታየት የጀመረው ይህ አኒሜሽን በመጀመሪያው ምዕራፉ 8 ክፍሎች አሉት። ታሪኩም ዳይሬክተሩም በየክፍሉ ይለያያል። ብዙዎች ግን ሁሉንም በመጀመሪያው ክፍል ይለኩታል። አይፈረድባቸውም፤ አለቆቹን ለማስደሰት ትልቁን ድስት በገዛ ጀርባው ፀጉር የሚፈትገው ትንሹ አሳማ ያስቃል፣ አንጀትም ይበላል። ተቀጣሪ ሁሉ ራሱን ያይበታል።

ሁለተኛው ክፍል ግን ንግግር አልባና ጨለምለም ያለ ነው። ልጆቻችን ፈሩ ያሉ ወላጆች እውነት አላቸው። ጥፋቱ ግን የሥራው አይደለም፤ አኒሜሽን ሁሉ ለልጅ አይሠራም። ቻይና ደግሞ ፊልምን በዕድሜ የሚለይ ደረጃ የላትም። ስለዚህ አሰራጩ ቢሊቢሊ በየክፍሉ መግቢያ የዕድሜ ማሳሰቢያ ያስቀምጥ፤ ተመልካቹም ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነጥብ ይስጥ።