ይድረስ ለወንድሜ ለ«ኢንጂነሩ»፣ አዳማ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? በአዳማ ሙቀት ካልቀለጥክ ደህና እንደምትሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን ማጥፋቴን፣ የልጅህ ክርስትና ላይም አለመገኘቴን አልረሳሁትም፤ ይቅር በለኝ። ያን ጊዜ «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው» ያልኩህ ውሸት እንደነበረም በዚሁ ልናዘዝልህ። ዛሬ ኔትወርኩ የምሩን እምቢ ስላለኝ ነው የጻፍኩልህ።

ሥራዬ ያው ነው፤ በወር ስምንት ቀን ያህል ይርጋ ዓለም፣ አለታ ወንዶና ሀገረ ሰላም ወዳሉት ማኅበራት እዞራለሁ። አዲሱ ነገር የማኅበራቱን መዝገብ ገጽ በገጽ በስልክ አንስቼ እዚያው ሆኜ መላክ ያለብኝ መሆኑ ነው። ባለፈው ወር አለታ ወንዶ ጠዋት በ*999# የቀን ጥቅል ገዝቼ፣ ከማኅበሩ ቢሮ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆሜ ሃያ አራት ገጽ መላክ ስጀምር፣ ዘጠነኛው ላይ ጥቅሉ ማለቁን የሚናገር መልእክት ደረሰኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቴሌግራሜ ቪዲዮ በራሱ እንዲያወርድ ትቼው ስለነበር፣ በቤተ ዘመድ ግሩፕ የተለቀቀው የሠርግ ቪዲዮ ዳታዬን ጠራርጎ በልቶታል። ሙሽሪትን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ያ ስልክ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ነው። ሲም ሳስገባበት የመክፈቻ ኮድ ጠየቀኝ፤ ለካ ከተሸጠበት ኩባንያ ሲም በቀር ሌላ እንዳይቀበል ተቆልፎ ኖሯል። ገንዘብ ከፍዬ ካስከፈትኩት በኋላም ከ3ጂ አላልፍ አለ። ቴሌ 4ጂ የሚያሰራጨው በአብዛኛው በ1800 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ስልኮች አንዳንዶቹ ይህን ሞገድ እንደማይቀበሉ ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው። አንተ ብትኖር ኖሮ ገና ካርቶኑን አይተህ ትስቅብኝ ነበር።

ስለዚህ አዲስ ልገዛ ቆርጫለሁ። ሁለት ሲም የሚይዝ እፈልጋለሁ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07 አማራጭ ሆነውልናልና። የባልደረባዬን ሲም ተውሼ ስሞክር አንደኛው ይርጋ ዓለም ላይ፣ ሌላኛው ሀገረ ሰላም ላይ ተሽሎ አገኘሁት፤ ስለዚህ ከጥቅሉ ዋጋ ይልቅ ቆሜ የምልክበትን ቦታ ማስቀደም ይሻለኛል። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ግድ የለኝም። ባትሪው ግን ከ5000 ሚሊአምፔር ሰዓት እንዳያንስ፤ ኔትወርክ በደከመበት ተራራ ላይ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር ቻርጁ እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል።

ጥቅሉን በተመለከተ «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ሲያባብለኝ ሰነበተ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን በቀን ሁለት ማኅበር፣ በየማኅበሩ 24 ገጽ፣ አንዱ ምስል 4 ሜጋባይት ቢሆን በቀን 192፣ በስምንት ቀን 1536 ሜጋባይት ይመጣል፤ ይህም ልክ አንድ ጊጋባይት ተኩል ነው። የቀን ጥቅል ሳልጨርሰው ጊዜው አልፎ ስለሚቃጠል ወርኃዊው ይሻለኛል። ያልተገደበውን የተመኘሁት ለመዝገቡ ሳይሆን መኪና ውስጥ ኳስ ለማየት መሆኑን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ይህን ያህል ጠፍቼ ስመለስ ልላክህ... ይከብዳል፤ ግን ከአንተ ዓይን የተሻለ አላውቅም። እዚያ ከምታምነው ሱቅ እስከ አሥራ አምስት ሺህ ብር ድረስ ፈልግልኝ። ከመክፈልህ በፊት ሁለቱንም ሲም አስገብተህ ሁለቱም 4ጂ መያዛቸውን እይ፤ የአንዳንዱ ስልክ ሁለተኛ ሲም 2ጂ ብቻ ነው ይባላልና። *#06# ደውለህም የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጥ። ገንዘቡን ዛሬውኑ በቴሌብር እልክልሃለሁ፤ ስልኩን ለሐዋሳ አውቶቡስ ሹፌር ስጥልኝ፤ ወይም ራስህ ይዘኸው ና፣ አሞራ ገደል ዓሣ እጋብዝሃለሁ።

የክርስትናውን ስጦታ ከገንዘቡ ጋር አብሬ ልልክ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጫማ በቴሌብር አይላክም። የልጁን ቁጥር ንገረኝ።

ያንተው ጠፊ፣
ከሐዋሳ